ቆሞ ያደረን መኪና ባትሪ ማን ጨረሰው?

ከደሴ ተነስቶ፣ ወልዲያን አልፎ ወደ ራያ ቆላ የወረደ መኪና ጎብዬ ላይ ሁለት ሌሊት ቆሞ ጠዋት አልነሳም ቢል ምክንያቱ ለመገመት አይከብድም። «ሙቀቱ ነው» ይባላል፤ ካልሆነም «ባትሪው አርጅቷል»። ሁለቱም ከእውነት የራቁ አይደሉም። ጎብዬና ቆቦ ያሉበት ሜዳ ሞቃት ነው፤ ሙቀት ደግሞ ባትሪ ውስጥ ያለውን ኬሚካላዊ ለውጥ ስለሚያፋጥን ዕድሜውን ያሳጥራል። በሪሞት ወይም ኪስ ውስጥ ባለ ቁልፍ በሚከፈቱ መኪኖች ላይ ግን ሦስተኛ ተጠርጣሪ አለ፤ የሪሞቱን ሲግናል የሚጠብቀው ተቀባይ።

ባጃጅና አይሱዙ በሚበዛበት መንገድ ላይ ይህ የጥቂት አውቶሞቢሎች ጉዳይ ሊመስል ይችላል። ነገር ግን አዲስ አበባ፣ ሶማሌ ተራ ተገዝቶ የሚገጠም አላርምም የራሱ ተቀባይ አለው፤ አሮጌ መኪና ላይም ይገጠማል። በ2016 ዓ.ም. መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ የበዙት የኤሌክትሪክ መኪኖችም ከችግሩ ነፃ አይደሉም። በራቸውንና ኮምፒውተራቸውን የሚያሠራው እንደ ሌላው መኪና ባለ 12 ቮልት ትንሽ ባትሪ ነው። እሱ ካለቀ ትልቁ ባትሪ ሙሉ ቢሆንም መኪናው አይነቃም።

መኪና ተቆልፎ ሲቆም ኮምፒውተሮቹ ከጥቂት ደቂቃ በኋላ አንድ በአንድ ይተኛሉ። ተቀባዩ ግን እንደ ሌሊት ዘበኛ ነው፤ ቢያንቀላፋም ጆሮው ክፍት ነው። በየቅጽበቱ እየነቃ በ315 ወይም በ433.92 ሜጋኸርዝ የሚላክ ሲግናል መኖሩን ያዳምጣል። ጸጥታ ካለ መልሶ ይተኛል። አንድ ነገር ከሰማ ግን ሲግናሉ ከራሱ ሪሞት መምጣቱን እስኪያጣራ ነቅቶ ይቆያል፤ በአንዳንድ መኪኖችም ሌሎቹን ኮምፒውተሮች አብሮ ይቀሰቅሳል። በአቅራቢያው ያለማቋረጥ የሚረብሽ ነገር ካለ ይህ ሌሊቱን ሙሉ ይደጋገማል።

ጉዳቱን በሒሳብ ማየት ይቻላል። ቆሞ ያለ መኪና የሚወስደው ከ0.05 አምፔር ባይበልጥ ጥሩ ነው። በዚህ ልክ 45 አምፔር ሰዓት የሚይዝ ባትሪ ባዶ ለመሆን 900 ሰዓት፣ ማለትም ከአንድ ወር በላይ ይወስድበታል። ፍጆታው በአማካይ ግማሽ አምፔር ከሆነ ግን 90 ሰዓት ይበቃዋል። ሞተሪኖው አቅም የሚያጣው ደግሞ ባትሪው ባዶ እስኪሆን ሳይጠብቅ ነው።

ምርመራው ከባትሪው ከራሱ ይጀምራል። ሙሉ ቻርጅ ተደርጎ ጥቂት ሰዓት ካረፈ በኋላ 12.6 ቮልት አካባቢ ማሳየት አለበት፤ 12.2 ካሳየ ግማሹ የለም። ሞተሩ ተነስቶ ከ13.8 እስከ 14.5 ቮልት ካልታየ ጥፋቱ የዲናሞው ሊሆን ይችላል። ሁለቱም ደህና ከሆኑ መኪናው ተኝቶ የሚበላውን መለካት ነው።

ኮፈኑ ይከፈታል፤ በሮቹ ይቆለፋሉ፤ ቁልፉ አሥር ሜትር ያህል ይርቃል። ከባትሪው ኔጋቲቭ ገመዱ ይነቀልና ቴስተሩ 10 አምፔር ላይ ሆኖ በመካከል ይገባል። በዚህ ጊዜ ሞተር ለማስነሳት መሞከር የቴስተሩን ፊውዝ ያቃጥላል። ገመዱ ሲነካ ኮምፒውተሮቹ ስለሚነቁ መጀመሪያ የሚታየው ከፍተኛ ቁጥር አያስደንግጥ፤ ከግማሽ እስከ አንድ ሰዓት መጠበቅ ያስፈልጋል። ጤነኛ መኪና 0.02 ወይም 0.03 ላይ ወርዶ እዚያው ይረጋል። የተረበሸው ግን 0.03 ደርሶ ድንገት ወደ 0.4 ይዘልላል፤ ጥቂት ሰከንድ ቆይቶ ይወርዳል፤ ደግሞ ይዘልላል። 0.4 ላይ ገትሮ የሚቀር ቁጥር ያልጠፋ መብራት ወይም የተጣበቀ ሪሌ ሊሆን ይችላል። እየወረደ የሚዘልለው ግን የሚቀሰቅሰው ነገር አለ።

የተቀባዩ ፊውዝ ሲነቀል መዝለሉ ካቆመ ምንጩ በእሱ በኩል ነው ማለት ነው። ተቀባዩ ራሱ ተበላሽቶ ይሁን ከውጭ ተረብሾ ለመለየት መኪናውን ከከተማው ወጣ አድርጎ፣ ማሽላ ማሳ ዳር አቁሞ መለካት ይበቃል። እዚያ ከተረጋ መኪናው ደህና ነው፤ ችግሩ ያደረበት ግቢ ነው። መብራት ሲጠፋም ሳይለፉ ፍተሻ ይገኛል፤ ቁጥሩ አብሮ ከወረደ ረባሹ ከመብራት ጋር የተያያዘ ዕቃ ነው። ርካሽ የኤልኢዲ አምፖል፣ የስልክ ቻርጀር፣ ኢንቨርተርና ገመድ አልባ ደወል ቀዳሚ ተጠርጣሪዎች ናቸው። በሶላር ወይም በባትሪ ድንጋይ የሚሠራ ዕቃ ግን መብራት ቢጠፋም አይተኛም። በሩቅ የሚታየው የቴሌ ምሰሶ በ900፣ በ1,800ና በመሳሰሉት ሜጋኸርዞች ስለሚሠራ ከሌሎቹ በኋላ ነው የሚጠረጠረው።

ሳይለኩ የሚታይ ምልክትም አለ፤ ሌላ ቦታ ከሩቅ የሚሠራው ሪሞት እዚያ ግቢ ውስጥ በር ድረስ ካልቀረቡ እምቢ ይላል። እ.ኤ.አ. በ2019 በአሜሪካ ኦሃዮ፣ ኖርዝ ኦልምስቴድ በተባለች ከተማ የአንድ ሰፈር ሰዎች የመኪናና የጋራዥ በር ሪሞታቸው ለሳምንታት አልሠራ ብሎ ነበር። ተፈልጎ ሲገኝ ምንጩ አንድ ነዋሪ በቤቱ የሠራው፣ በ315 ሜጋኸርዝ ያለማቋረጥ የሚልክ መሣሪያ ነበር። ሰውየው ክፋት አላሰበም።

መፍትሔው ብዙ ወጪ አይጠይቅም። ረባሹ ዕቃ ይቀየራል፤ ካልተቻለ መኪናው ሌላ ቦታ ያድራል። ኪስ ውስጥ የሚያዘው ቁልፍ ራሱ መኪናው አጠገብ ባለ ክፍል ካደረ ሁለቱ ሲነጋገሩ ሊያነጉ ስለሚችሉ ራቅ ይደረግ። ብዙ የቶዮታ ቁልፎች መቆለፊያቸው ተጭኖ እንደተያዘ መክፈቻቸው ሁለት ጊዜ ሲጫን መልስ መስጠት ያቆማሉ። ተጨማሪ የተገጠመ አላርም ካለ ባለሙያ ለብቻው ነቅሎ ይሞክረው።

ባትሪ የሚገዛው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው፤ አዲሱም እዚያው ቢያድር ያልቃልና። ጋራዥ ሲገቡም «ባትሪው አለቀ» ብቻ ከማለት መኪናው የት እንዳደረ፣ ስንት ሌሊት እንደቆመና ቁልፉ የት እንደነበረ መንገር የኤሌክትሪክ ባለሙያውን ሥራ ግማሽ ያቀልለታል።