የተላከ ማስረጃ ለምን ሳይደርስ ይቀራል? የፋይል መጠን ወሰንና አስተካከሉ

በኤሌክትሮኒክ መንገድ ማመልከቻ የሚያቀርቡ ተገልጋዮች ቅጹን በሙሉ ሞልተው፣ ማስረጃቸውን አያይዘው ከላኩ በኋላ ቅጹ ባዶ ሆኖ ሊመለስላቸው ወይም «እባክዎ ክፍት ቦታዎቹን ይሙሉ» የሚል መልእክት ሊያዩ ይችላሉ። ተገልጋዩ ጥፋቱ የራሱ ይመስለውና እንደገና ይሞላል፤ ውጤቱም ያው ይሆናል። በቆቦና በአላማጣ መካከል በምትገኘው ዋጃ ለሚኖር አመልካች አዲስ አበባ ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ የሚርቅ በመሆኑ፣ አንድ ፋይል አለመድረሱ የአውቶቡስ ጉዞና የአልጋ ወጪ ሊያስከትልበት ይችላል።

ችግሩ ብዙ ጊዜ የሚመነጨው ከድረ ገጹ ቅንብር ነው። እ.ኤ.አ. በ1995 ይፋ በሆነውና ድረ ገጽ ለመሥራት በስፋት በሚያገለግለው ፒኤችፒ በተባለው የፕሮግራም ቋንቋ ሁለት ወሰኖች አሉ። «አፕሎድ ማክስ ፋይልሳይዝ» የአንድን ፋይል መጠን ሲወስን፣ «ፖስት ማክስ ሳይዝ» ደግሞ ቅጹ ከነአባሪዎቹ ሊይዝ የሚችለውን ጠቅላላ መጠን ይወስናል። ባለሙያ ካልቀየራቸው በስተቀር የመጀመሪያው 2፣ ሁለተኛው 8 ሜጋባይት ነው። በዛሬ ስልክ የተነሳ አንድ ፎቶግራፍ ብቻውን ከ2 ሜጋባይት ሊበልጥ ይችላል።

የመጀመሪያው ወሰን ሲታለፍ ፋይሉ ብቻ ይቀራል፤ የተሞላው ጽሑፍ ግን ይደርሳል። ሁለተኛው ሲታለፍ ፒኤችፒ ስምና አድራሻን ጨምሮ የተላከውን ሁሉ ይጥለዋል። የሞላው ሰው «አልሞሉም» የሚባለውም በዚሁ ምክንያት ነው።

ማስተካከሉ የተቋማት የቴክኖሎጂ ባለሙያዎች ኃላፊነት ነው። ለአንድ ፋይል 5 ሜጋባይት ተፈቅዶ ሦስት አባሪዎች የሚጠየቁ ከሆነ፣ የጠቅላላው ወሰን ከ15 ሜጋባይት በላይ መሆን ይኖርበታል። ድረ ገጹ በኤንጂንኤክስ የሚስተናገድ ከሆነ ደግሞ ይህ ሶፍትዌር የራሱ የ1 ሜጋባይት ወሰን ስላለው፣ እርሱ ሳይስተካከል ፒኤችፒን ብቻ መቀየር ፋይዳ የለውም። ወሰኑን ያለ ልክ ማሳደግም አይመከርም፤ የሰርቨሩን ማከማቻ ያጨናንቃል። የተፈቀደው መጠን በቅጹ ላይ አስቀድሞ መጻፉ ግን ምንም ወጪ የማይጠይቅ ሆኖ ሳለ ብዙ ጊዜ የሚዘነጋ ነው።

ተገልጋዮች በበኩላቸው ከመላካቸው በፊት የፋይሉን መጠን ማየት ይጠበቅባቸዋል። ፎቶግራፉን በቴሌግራም እንደ ፎቶ ለራስ ልኮ መልሶ ማውረድ መጠኑን በእጅጉ ይቀንሰዋል፤ ሆኖም ማኅተሙ፣ ቀኑና ፊርማው ሳይደበዝዙ መነበባቸው መረጋገጥ አለበት። ብዙ ገጽ ያለው ሰነድ በጥቁርና ነጭ ስካን ተደርጎ በአንድ ፒዲኤፍ ቢዘጋጅ የተሻለ ነው። በመላክ ላይ ሳለ መስመር ከተቋረጠ አብዛኛውን ጊዜ ጭነቱ ከመጀመሪያው ስለሚጀምር፣ ኔትወርክ የሚረጋጋበትን ሰዓት መምረጥ ይጠቅማል። በፎቶ ኮፒ ቤት ኮምፒዩተር የሚገለገል አመልካች ሰነዱን ከማሽኑ ሳያስጠፋ መሄድ የለበትም።

ይህ ሁሉ ተደርጎ ፋይሉ ካልደረሰ፣ በስክሪኑ ላይ የታየውን መልእክት ፎቶ አንስቶ፣ የተላከበትን ቀንና ሰዓት እንዲሁም የፋይሉን መጠን ጠቅሶ አገልግሎቱን ለሚሰጠው ተቋም ማሳወቅ ይገባል። በመልእክቱ ላይ 413 የሚል ቁጥር ካለ የተላከው ከሰርቨሩ ወሰን በላይ መሆኑን ስለሚያመለክት፣ ቁጥሩን መጥቀስ ባለሙያው ችግሩን ቶሎ እንዲለየው ይረዳል።