ከአቤሜሌክ በለስ እስከ «ሳንኮፋ»

የጊዜ ጉዞ ፊልም ሁሉ ከአንድ ጥያቄ ይነሣል፦ ያለፈ ነገር ሊታረም ይችላል ወይስ አይችልም? አሜሪካዊው ሮበርት ዜሜኪስ እ.ኤ.አ. በ1985 ባወጣው «ባክ ቱ ዘ ፊውቸር» መልሱ «ይችላል» ነው። ማርቲ የተባለው ወጣት ወደ 1955 ተመልሶ የወላጆቹን ትውውቅ ሳያስበው ያሰናክላል። በያዘው ፎቶግራፍ ላይ ያሉት ወንድምና እኅቱ እየደበዘዙ ይሄዳሉ፤ ወላጆቹን ካላገናኘ እሱም አይወለድም። ፈረንሳዊው ክሪስ ማርከር ግን እ.ኤ.አ. በ1962 በሠራው «ላ ዤቴ» የተገላቢጦሹን ይነግረናል። ከሞላ ጎደል በማይንቀሳቀሱ ፎቶግራፎች የተገጣጠመው ይህ የ28 ደቂቃ ሥራ፣ በልጅነቱ በፓሪስ ኦርሊ አውሮፕላን ማረፊያ አንድ ሰው ሲሞት ያየ ሰው ታሪክ ነው። ካደገ በኋላ በጊዜ ውስጥ ተጉዞ እዚያው ቦታ ሲደርስ፣ ያን ቀን ሲሞት ያየው ሰው ራሱ እንደነበር ይረዳል።

አእምሮ ይበልጥ የሚዞረው ምክንያትና ውጤት ቦታ ሲለዋወጡ ነው። እ.ኤ.አ. በ1984 በወጣው «ተርሚኔተር» ውስጥ ከ2029 የተላከው ወታደር ሊጠብቃት ከመጣላት ሴት ወንድ ልጅ ይወልዳል፤ ያ ልጅ አድጎ ወታደሩን ወደ ኋላ የሚልከው መሪ ይሆናል። ልጁ አባቱን ባይልክ አይወለድም፤ ባይወለድ ደግሞ አባቱን የሚልክ የለም። ሼን ካሩት እ.ኤ.አ. በ2004 በ7,000 ዶላር ገደማ የሠራው «ፕራይመር» ከዚህም ይከብዳል። ሁለት መሐንዲሶች ወደ አንድ ቀን ደጋግመው ስለሚመለሱ፣ አንዱ ሰው በተመሳሳይ ሰዓት በሁለት ቦታ ይገኛል። አንድ ጊዜ ብቻ አይቶ ፊልሙን ሙሉ በሙሉ የተረዳ ተመልካች ከተገኘ ብርቅ ነው።

የእነዚህ ፊልሞች ደስታ ግማሹ ፊልሙ ካለቀ በኋላ የሚመጣ ነው። ተመልካቹ የተበታተኑትን ትዕይንቶች በቅደም ተከተል ለመደርደር ይሞክራል፤ አንድ ቁራጭ አልገጥም ካለው ተመልሶ ያያል። ለዚህ ደግሞ ብዙ ሰው አብሮ ሲያይ ይሻላል። እንደ ሆሳዕና፣ ዱራሜና አንጋጫ ባሉ ከተሞች ብዙ ወጣት የውጭ ፊልም ያወቀው ለብቻው አልነበረም፤ በቪዲዮ ቤት አግዳሚ ላይ ተጠጋግቶ ነው። አንዱ ያመለጠውን ሌላው ይይዛል፤ ክርክሩም ከበር ውጭ ይቀጥላል።

ከዘመን ወደ ዘመን የመዝለል ታሪክ ራሱ ግን ለኢትዮጵያ አንባቢ እንግዳ አይደለም። የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ከቅዱሳት መጻሕፍት የምትቆጥረው ተረፈ ባሮክ ስለ ኢትዮጵያዊው አቤሜሌክ ይተርካል። ኢየሩሳሌም በከለዳውያን ልትጠፋ ስትል፣ ነቢዩ ኤርምያስ ጥፋቷን እንዳያይ ብሎ በለስ ለቅሞ እንዲመጣ ወደ አግሪጳ የእርሻ ቦታ ይልከዋል። አቤሜሌክ ከዛፍ ጥላ ሥር ጥቂት አርፋለሁ ብሎ 66 ዓመት ይተኛል። ሲነቃ ራሱ ከብዶታል፤ በቅርጫቱ ያለው በለስ ግን ወተቱ አልደረቀም። ከተማዋ ሲደርስ ቤቱንም ሰፈሩንም መለየት ያቅተዋል። መንገድ የሳተ መስሎት ይወጣል፣ ምልክቶቹን አይቶ ይመለሳል፣ እንደገና ይወጣል። በመጨረሻ አንድ ሽማግሌ ሕዝቡ ከተማረከ ስንት ዘመን እንደሆነው ሲነግረው አያምንም፤ በለሱን ያሳየዋል። ሽማግሌው ግን ወቅቱ የበለስ እንዳልሆነ ያመለክተዋል። የትረካው ብልሃት የሚደነቅ ነው፦ ስለ ጊዜ አንድም ማብራሪያ ሳይሰጥ፣ ያልደረቀ ፍሬ ብቻ አስይዞ ሰውየውን ከዘመኑ ውጭ ያቆመዋል። ሙስሊሞችም በቁርኣን የአል-ከህፍ ምዕራፍ ውስጥ በዋሻ 300 ዓመትና 9 ተጨማሪ ዓመት ስለተኙት ወጣቶች ያነባሉ፤ እነዚያም ከእንቅልፋቸው ሲነቁ በያዙት ብር ምግብ ሊገዙ ከመካከላቸው አንዱን ወደ ከተማ ይልካሉ።

እንዲህ ያለውን ወደ ፊት መዝለል ሳይንስም አይቃወመውም። በአልበርት አንስታይን ንድፈ ሐሳብ መሠረት፣ በፍጥነት ለሚጓዝ ወይም ከፍተኛ የስበት ኃይል አጠገብ ላለ ሰው ጊዜ ይዘገያል። እ.ኤ.አ. በ1971 አቶሚክ ሰዓቶች በመንገደኞች አውሮፕላን ዓለምን ዞረው ሲመለሱ፣ መሬት ላይ ከቀሩት ጋር በአሥሮችና በመቶዎች በሚቆጠሩ ቢሊዮንኛ ሰከንዶች ተለያይተው ተገኝተዋል። «ኢንተርስቴላር» (እ.ኤ.አ. 2014) ይህንኑ አግንኖ ያሳያል። የፊዚክስ ሊቁ ኪፕ ቶርን ባማከረበት በዚህ ፊልም፣ በጥቁር ጉድጓድ አጠገብ ባለች ፕላኔት ላይ አንድ ሰዓት በምድር 7 ዓመት ነው። ልጆቹን ምድር ላይ ትቶ የሄደ አንድ አባት ከዚያ ሲመለስ 23 ዓመት አልፏል፤ ልጆቹ በየጊዜው የላኩለትን የቪዲዮ መልእክት እያለቀሰ ያያል። ፊልሙ በዚያች ትዕይንት የሚይዘው በሒሳቡ ሳይሆን በአባትየው እንባ ነው።

ወደ ኋላ መመለስን በተመለከተ ከሁሉ የከበደውን ፊልም የሠራው ኢትዮጵያዊ ነው። እ.ኤ.አ. በ1946 ጎንደር የተወለደውና በዋሽንግተን ሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ለረጅም ዘመን ያስተማረው ኃይሌ ገሪማ «ሳንኮፋ»ን ያወጣው እ.ኤ.አ. በ1993 ነው። ሞና የምትባል ጥቁር አሜሪካዊት ሞዴል በጋና ኬፕ ኮስት፣ ባሪያዎች በመርከብ ይጫኑበት በነበረው ግንብ ፎቶ ትነሣለች። ከበሮ የሚመታ አንድ አዛውንት ይቆጣታል፤ እሷ ግን አትሰማውም። ጎብኚዎችን ተከትላ ወደ ምድር ቤቱ ስትወርድ በጨለማው ውስጥ በሰንሰለት የታሰሩ ሰዎች ይከቧታል። ለማምለጥ ብትጮኽም ባሪያ ፈንጋዮቹ ይዘው፣ ልብሷን ገፈው፣ በጋለ ብረት ይተኩሷታል። ከዚያ በኋላ ላፋዬት በተባለ እርሻ ሾላ የምትባል የቤት ባሪያ ናት። መሣሪያ የለም፣ መኪና የለም፣ ማብራሪያም የለም።

በዚያው ዓመት በወጣው «ግራውንድሆግ ዴይ» ጀግናው አንዱን ቀን ደጋግሞ እየኖረ ስህተቱን ያርማል። ሾላ ግን እንዲህ ያለ ዕድል የላትም። ባርነቱ አይሰረዝም፤ በአፍሪካ ተወልዳ በባርነት የተወሰደችው ኑኑ በገዛ ልጇ እጅ ከመሞት አትድንም። የሚለወጠው የሾላ ልብ ነው፦ ስትፈራ የኖረችው ሴት በመጨረሻ ከሚያምፁት ባሪያዎች ጋር ትቆማለች። ወደ ዛሬ ተመልሳ ከምድር ቤቱ ስትወጣ ፎቶ አንሺዋን አልፋ ከበሮ መቺው ዘንድ ከተቀመጡት ጋር ትቀላቀላለች። የማርቲ ጉዞ ለተመልካች እፎይታ ይሰጣል፤ የሞና ጉዞ ዕዳ ያስታውሳል፤ ሁለተኛውን መሥራት እጅግ ይከብዳል።

«ሳንኮፋ» በበርሊን ፌስቲቫል ለውድድር ቢቀርብም በአሜሪካ የሚያከፋፍለው ድርጅት አላገኘም። ኃይሌና ባለቤቱ ሽሪኪያና አይና አዳራሽ እየተከራዩ ከከተማ ከተማ ራሳቸው አሳዩት፤ ተመልካቹም በብዛት ጥቁር አሜሪካዊ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2021 የፊልም ሠሪዋ የአቫ ዱቨርኔይ ድርጅት አሬይ አሳድሶ ያወጣው ቅጂ በኔትፍሊክስ ተለቀቀ።