ምሰሶ ላይ የተሰቀለው ግራጫ ሣጥን

መብራት ሲጠፋ ሰው የሚያማው ግድቡን ነው። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው የሕዳሴ ግድብ ብቻውን ከ5,000 ሜጋ ዋት በላይ የማመንጨት አቅም አለው፤ «ታዲያ የት ገባ?» ይባላል። መንገድ ላይ ነው የሚቀረው፤ ከመንገዱም የመጨረሻው በር ማንም ቀና ብሎ የማያየው የሰፈር ትራንስፎርመር ነው።

ሥራው ባጭሩ በ15 ወይም በ33 ሺህ ቮልት የመጣውን ወደ 380 እና 220 ማውረድ ነው። ሆዱ ውስጥ ብረት፣ ጥቅል ሽቦና ዘይት አለ። ሽቦዎቹን የሚያቀዘቅዘውም፣ ከመሸፈኛቸው ጋር ሆኖ እርስ በርስ እንዳይገናኙ የሚጠብቀውም ዘይቱ ነው። የሚሽከረከር አካል ስለሌለው፣ ካላስጨነቁት ለአሥርት ዓመታት ያገለግላል።

ጧ! የሚል ድምፅ በተሰማ ቁጥር ሰፈሩ «ትራንስፎርመሩ ፈነዳ» ይላል። አብዛኛውን ጊዜ አልፈነዳም። ከበላዩ ሦስት ቱቦዎች ተሰክተዋል፤ ፊውዞቹ ናቸው። ጭነት ሲበዛ በውስጣቸው ያለው ቀጭን ሽቦ ይቀልጣል፣ የሚፈጠረው ጋዝ ጮኾ ይወጣል፣ ቱቦውም ከላይ ለቆ ወደ ታች ይንጠለጠላል። እንዲህ የተሠራው ሆን ተብሎ ነው፤ ሠራተኛው ከመሬት ሆኖ የትኛው እንደ ወደቀ ያያል። አንዱ ብቻ ሲወድቅ የአንዳንዱ ቤት ደህና በርቶ የሌላው አምፖል ይፈዛል። «ለነሱ ብቻ ሰጧቸው» የሚለው ሐሜት የሚነሳው ያኔ ነው።

መጥቶ ወዲያው የሚጠፋውን መብራትም እንደ ቀልድ አትቁጠሩት። አንድ የኤሌክትሪክ ምጣድ 3.5 ኪሎ ዋት ያህል ይበላል፤ ለ100 ኪሎ ቮልት አምፔር ትራንስፎርመር 28 ምጣድ ሙሉ ሸክም ነው። በደህና ቀን ሁሉም በየራሱ ሰዓት ስለሚጋግር ከዚያ የሚበልጥ ቤት ያስተናግዳል። መብራት ጠፍቶ ሲቆይ ግን ምጣዱ ሁሉ እንደ ተሰካ ይጠብቃል። የፍሪጅ ሞተርም ሲነሳ ከወትሮው ብዙ እጥፍ ይስባል። ሁሉም በአንድ ቅጽበት ሲነሱ ፊውዙ ምን ያድርግ?

አንድ የፋሲካ ዋዜማ የመስመር ሠራተኛው በረጅሙ ዘንግ ፊውዙን መልሶ ሲሰካ እልል ተባለ። ሰውዬው ዘንጉን ሳያጣጥፍ ጧ! አለ።

«እማማ፣ ምጣዱን ይንቀሉ እንጂ!» አላቸው በራፋቸው ላይ የቆሙትን እናት።

«ሊጡ ኩፍ ብሎ እየፈሰሰብኝ፣ ልጄ?»

ይገባኛል። ግን መብራት ሲሄድ ምጣድና ፍሪጅ ይነቀል፤ አንድ አምፖል መምጣቱን ለመንገር ይበቃል። ከመጣ በኋላም ሩብ ሰዓት ቢታገሡ ሊጡ የትም አይሄድም።

በጣም የሚያናድደኝ ግን በፊውዙ ፈንታ ወፍራም ሽቦ የሚያስሩ ሰዎች ናቸው። ለጊዜው ሰፈሩ ይመርቃቸዋል። ጭነቱ ሲበዛ ሽቦው አይቀልጥም፤ ሙቀቱ ትራንስፎርመሩ ውስጥ ተጠራቅሞ የጥቅሎቹን መሸፈኛ ያሳርራል፣ ዘይቱንም ያበላሻል። ያኔ «ተቃጠለ» ቢባል እውነት ነው፤ የሚፈለገውም የፊውዝ ሽቦ ሳይሆን ክሬንና አዲስ ትራንስፎርመር ነው።