«ኮምፕሬሰሩ ሞቷል» ከመባሉ በፊት

ብሬቃ ከኤደን ወደብ ማዶ ባሕረ ሰላጤውን ዞሮ የሚገኝ ሰፈር ነው። እንግሊዞች «ትንሿ ኤደን» ይሉት ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1954 ሥራ የጀመረው የነዳጅ ማጣሪያም የቆመው እዚሁ ነው። እኛ አራት ኢትዮጵያውያን ተማሪዎች በኅብረት የተከራየነው ቤት ግድግዳው ተበስቶ በቆርቆሮ ሳጥን ውስጥ የተሰካ አንድ አሮጌ ኤርኮንዲሽነር አለው። ስለዚህ መሣሪያ፣ በተለይም ስለ ኮምፕሬሰሩ፣ የሕክምና ተማሪዎች ምን አገባችሁ የሚል አንባቢ ይኖር ይሆናል።

የሚያገባን እንዲህ ነው። የሰው ገላ ሙቀቱን የሚያስወግደው በአብዛኛው በቆዳው በኩል ነው። የውጭው አየር ከቆዳችን ሙቀት፣ ማለትም ከ35 ዲግሪ ገደማ ሲበልጥ የሚቀረን መንገድ ላብ ብቻ ነው፤ ላብ ደግሞ የሚያቀዘቅዘው ሲተን እንጂ ሲንጠባጠብ አይደለም። በኤደን ክረምት አየሩ በባሕር እርጥበት ስለሚሞላ ላቡ ይንጠባጠባል እንጂ አይተንም። ቬንቲሌተርም ያንኑ ትኩስ አየር ያመላልሳል። ከመካከላችን አንዱ፣ የደብረ ብርሃን ልጅ፣ ባለፈው ዓመት በፈተና ሰሞን ራሱን አዙሮት ከወንበሩ ወድቆ እርጥብ አንሶላ አልብሰን አድረናል። ስለዚህ የዚያ ሳጥን ደኅንነት ለእኛ የቅንጦት ጉዳይ አይደለም።

ኮምፕሬሰር በአጭሩ ፓምፕ ነው። ከቤት ውስጥ ሙቀት ጠጥቶ የመጣውን ጋዝ ይጨምቅና ወደ ውጭው መጠምጠሚያ ይገፋዋል፤ ጋዙ እዚያ ሙቀቱን ለውጭው አየር አስረክቦ ፈሳሽ ይሆናል፤ በቀጭን ቱቦ አልፎ እንደገና ሲተን ክፍሉን ያቀዘቅዛል። ከልብ ጋር ማመሳሰል ይቀናናል፤ ሆኖም ምሳሌው አንድ ቦታ ላይ ይሰናከላል። ልብ የሚገፋው ፈሳሽ ነው፤ ኮምፕሬሰር ግን ፈሳሽ ከገባበት ይሰበራል። ሌላው መታወቅ ያለበት፣ ሞተሩ ከጋዙና ከዘይቱ ጋር በአንድ የታሸገ የብረት ቅል ውስጥ መቀመጡ ነው። የሚያቀዘቅዘው ተመላሹ ጋዝ ራሱ ስለሆነ ጋዝ ያነሰው መሣሪያ ክፍሉን አለማብረዱ ብቻ ሳይሆን ሞተሩንም ያቃጥላል።

አንድ ቀን መሣሪያችን «እምምም» ካለ በኋላ «ቀጭ» ብሎ መቆም ጀመረ። የጠራነው ጠጋኝ ጆሮውን አስጠግቶ «ኮምፕሬሰሩ ሞቷል» አለን። መለኪያ አላወጣም። የጠየቀው ዋጋ የአዲስ መሣሪያ ግማሽ ነበር፤ የወር አስቤዛችንን አዋጥተን ልንከፍል ስንል ጎረቤታችን የሆኑ አንድ አዛውንት መካኒክ ሰምተው መጡ። «አሚ» እንላቸዋለን፤ አጎቴ እንደ ማለት ነው። አሚ መጀመሪያ የነኩት ኮምፕሬሰሩን ሳይሆን ካፓሲተሩን ነው። 35 ማይክሮፋራድ ተጽፎበታል፤ ሲለካ 19 ሆነ። ተመሳሳዩ ተገዝቶ ሲገባ «ሟቹ» ተነሣ። በሆስፒታል ትርታ ሳይዳሰስ ሞት አይነገርም፤ በዚህ ሙያም ሊነገር አይገባም ነበር።

ምርመራው ቀላል ነው። መሣሪያውን ከመብራት ንቀሉ። ካፓሲተሩ ከተነቀለ በኋላም ኤሌክትሪክ ይዞ ስለሚቆይ በሬዚስተር አስተንፍሱት፤ በካቻቪቴ ጫፍ ማገናኘት ለካፓሲተሩም ለእጅም አይበጅም። ከዚያ የኮምፕሬሰሩን ሦስት ጫፎች፣ ማለትም የጋራውን፣ የማስነሻውንና የመሮጫውን፣ በሙልቲሜትር ለኩ። ከጋራው ወደ መሮጫው 3 ኦም፣ ከጋራው ወደ ማስነሻው 5 ኦም ከሆነ በማስነሻውና በመሮጫው መካከል የሁለቱ ድምር 8 መገኘት አለበት። ከማንኛውም ጫፍ ወደ ብረት ቅሉ ግን ምንም ማለፍ የለበትም፤ ካለፈ ጥቅሉ ተቃጥሏል። አንድ ወጥመድ አለ፦ ቅሉ ግሎ ሳለ የሙቀት መከላከያው መስመሩን ስለሚቆርጥ ጤነኛው ኮምፕሬሰር የተቃጠለ ይመስላል። እስኪበርድ ሁለትና ሦስት ሰዓት መታገሥ ነው።

በዓመቱ ግን እውነተኛው ሞት መጣ፤ መለኪያው ከጫፉ ወደ ቅሉ መንገድ አገኘ። እዚህ ላይ አሚ ያስተማሩን ትልቁ ነገር፣ ገዳዩ ሳይታወቅ አዲስ ኮምፕሬሰር አለማስገባት ነው። የእኛ ገዳዮች ሁለት ነበሩ። የመጀመሪያው ጨው ነው፤ የባሕሩ ነፋስ የውጭውን መጠምጠሚያ በጨውና በአቧራ ደፍኖት ሙቀቱ መውጫ አጥቷል። ሁለተኛው መብራት ነው። በኤደን መብራት ለሰዓታት ይጠፋል፤ ሲመጣም ደክሞ ይመጣል። የሞተር የመነሻ ጉልበት በቮልቴጁ ስኩዌር ስለሚቀንስ 230 መሆን የነበረበት ቮልቴጅ ወደ 180 ሲወርድ የሚቀረው ጉልበት 60 ከመቶ ገደማ ነው። በዚህ ላይ በቱቦዎቹ ውስጥ ያለው ግፊት ገና አልተስተካከለም። ሞተሩ ሳይዞር ከመደበኛው አምስት ስድስት እጥፍ ኤሌክትሪክ እየሳበ ይግላል።

የመለወጡ ሥራ የኛ አይደለም፤ እኛ ችቦ ያዥ ነበርን። አሮጌው ጋዝ፣ የኛው አር-22 ነበር፣ ወደ አየር አይለቀቅም፤ በሞንትሪያል ውል (1987) መሠረት ከዓለም ገበያ በየደረጃው እንዲወጣ የተወሰነበት የኦዞን ጠር ስለሆነ በመሳቢያ ወደ ሲሊንደር ይሰበሰባል። በቱቦ ውስጥ የቀረ ጋዝ የብየዳ እሳት ሲነካው ፎስጂን የተባለ መርዝ ሊያወጣ ይችላል፤ ተንኮሉ ደግሞ ሳንባን የሚያጥለቀልቀው ከሰዓታት በኋላ መሆኑ ነው። ስለዚህ በር ተከፍቶ ይሠራል፤ የተነፈሰውም ሰው «ደኅና ነኝ» ቢል አይለቀቅም። የተቃጠለው ዘይት አሲድ ስለሆነ ባዶ እጅ አይነካውም።

አዲሱ ከተበየደ በኋላ ማጣሪያውም አብሮ ይለወጣል፤ አሲዱ እዚያ ይቀራልና። ፍሳሽ የሚፈተነው በናይትሮጅን ነው። በኦክሲጅን የሚፈትኑ አሉ፤ ኦክሲጅንና ዘይት በግፊት ሲገናኙ ስለሚፈነዱ እንዲህ ያለውን ጠጋኝ በትሕትና ከቤት አስወጡት። ቀጥሎ በቫኩም ፓምፕ አየሩና እርጥበቱ ይመጠጣል። ብዙ ጠጋኞች የሚዘሉት ይህን ነው፤ ጥቂት ጋዝ «ፊሽ» አድርገው አየሩን ገፋነው ይላሉ። በብሬቃ እርጥበት ይህ የአዲሱን ኮምፕሬሰር ዕድሜ መስረቅ ነው፤ የቀረው ውኃ ከጋዙና ከዘይቱ ጋር ቀስ በቀስ አሲድ ሠርቶ የሞተሩን ጥቅል ይበላል። በመጨረሻ ጋዙ በሚዛን፣ በመሣሪያው ታርጋ ላይ በተጻፈው ግራም ልክ ይሞላል።

ገንዘብን በተመለከተ፣ መጠምጠሚያዎቹ በጨው ተበልተው ከሆነ ኮምፕሬሰር መለወጥ ኪሳራ ነው። የእኛ ደኅና ስለነበሩ ለወጥን። አዲስ ቢገዛም ከግድግዳው ቀዳዳ ጋር ልኩ መግጠሙን ማረጋገጥ ያሻል።

ወደ ሰመራ፣ ጋምቤላ ወይም ድሬዳዋ ተመድባችሁ የምትሠሩ የሙያ ጓደኞቻችን ይህንኑ ሞተር በክትባት ማቀዝቀዣ ውስጥ ታገኙታላችሁ። ክትባቱ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ መቆየት አለበት፤ ኮምፕሬሰሩም ልክ እንደኛው ደክሞ በሚመጣ መብራት ይቃጠላል። የካፓሲተሩንና የጫፎቹን አለካክ እዚያም ትፈልጉታላችሁ።

አሁን በቤታችን መብራት ሲመጣ ማዘግየቻ መሣሪያው ሦስት ደቂቃ ቆጥሮ፣ ቮልቴጁ ከ200 በላይ መሆኑን አይቶ ነው ኮምፕሬሰሩን የሚያስነሣው። የውጭውን መጠምጠሚያ በየወሩ መጀመሪያ መብራቱን አጥፍተን በጨው አልባ ውኃ እናጥባለን፤ ተራው በዚህ ወር የደብረ ብርሃኑ ልጅ ነው።