ከወርቁ አገር በፊት የደጃፍዎን መሬት

ልጅዎ ትምህርት ቤት ሲዘጋ የት ይውላል? ምንስ ይጫወታል? ማለዳ ወጥታ ማምሻውን የምትመለስ ሠራተኛ እናት ለዚህ ጥያቄ ቶሎ መልስ አታገኝም። እኛ በልጅነታችን ድብብቆሽ ስንጫወት የሰፈሩን አጥር፣ ጓሮና ዛፍ ሁሉ እናውቅ ነበር። የዛሬው ልጅ ግን የሩቁን አገር በስልክ እያየ የራሱን ቀበሌ ሳያውቅ ያድጋል።

ይህን ነገር አጥብቄ እንዳስብበት ያደረገኝ በከምባታ ምድር በምትገኘው በአዲሎ ከተማ ያገኘሁት አንድ የ9 ዓመት ልጅ ነው። እናቱ ቆጮና ቅቤ እየሸጡ 3 ልጆች የሚያሳድጉ ብርቱ ሴት ናቸው። ባለቤታቸው ወደ ደቡብ አፍሪካ ከሄዱ 6 ዓመት ሆኗቸዋል። ቡና አፍልተውልን እየተጫወትን ሳለ ልጁ ጠጋ አለኝና፣

«እትዬ፣ አባዬ ያለበት አገር መሬቱ ወርቅ ነው ይባላል፤ እውነት ነው?» ሲል ጠየቀኝ።

እናቱ ወደ ረከቦቱ አቀረቀሩ። «ዘወትር ይህንኑ ይጠይቃል። የምመልስለት አጣሁ» አሉኝ።

ልጁ ያለ ምክንያት አልጠየቀም። ጆሐንስበርግ እ.ኤ.አ. በ1886 ወርቅ በመገኘቱ የተቆረቆረች ከተማ ናት። በዙሉ ቋንቋ ኤጎሊ ትባላለች፤ የወርቅ ሥፍራ ማለት ነው። ነገር ግን ወርቁ ከመንገድ አይለቀምም። በዚያ አካባቢ ከ3 ኪሎ ሜትር በላይ ወደ ምድር የሚወርዱ ጉድጓዶች አሉ። ከሆሳዕና፣ ከከምባታና ከአካባቢው የሄዱ ወገኖቻችን በአብዛኛው የሚተዳደሩት በንግድ ነው፤ ከጠዋት እስከ ማታ ሱቅ ሲጠብቁና ዕቃ ሲያመላልሱ ይውላሉ። መንገዱም ስንቱን አስቀርቷል። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2020 ሞዛምቢክ ውስጥ ቴቴ በተባለው ክፍለ ሀገር፣ በጭነት መኪና ኮንቴይነር ውስጥ ታፍነው የሞቱ 64 ሰዎች ተገኝተዋል፤ ኢትዮጵያውያን እንደሆኑም ተነግሯል። ይህን የሰማች እናት ልጇ «መሬቱ ወርቅ ነው» እያለ ሲያድግ ብትጨነቅ አይፈረድባትም።

ታዲያ ለልጁ ምን ይባላል? «ወርቅ የለም» ብንለው አያምነንም። እኔም ብዙ ከማስረዳት ይልቅ አንድ ጨዋታ አሳየሁት። እርስዎም ለልጅዎ ሊያሳዩት ስለሚችሉ እነሆ አቀርብልዎታለሁ።

ጨዋታው ጂኦካሺንግ ይባላል። በአጭሩ የዕቃ ድብብቆሽ ማለት ነው። አንዱ ሰው ውሃ የማያስገባ ሣጥን ከአንድ ሥፍራ ይደብቅና የቦታውን አድራሻ በቁጥር ያስታውቃል። ሌላው ያንን ቁጥር በስልኩ ላይ እየተከተለ ሄዶ ይፈልጋል። ሲያገኘው በውስጡ ባለው ደብተር ስሙንና ቀኑን ይጽፋል። ከሣጥኑ አንድ ነገር ሊወስድ ይችላል፤ ነገር ግን ዋጋው የማያንስ ሌላ ነገር መተካት አለበት። ከዚያም ሣጥኑን ከነበረበት ይመልሳል።

የተጀመረው እ.ኤ.አ. ግንቦት 3 ቀን 2000 በአሜሪካ፣ በኦሪገን ግዛት ነው። ከዚያ በፊት ከሳተላይት የሚመጣው የቦታ ምልክት ሆን ተብሎ ይዛባ ስለነበር ተራው ሰው ቦታውን እስከ 100 ሜትር በሚደርስ ስሕተት ነበር የሚያገኘው። ገደቡ በተነሣ ማግስት ዴቭ አልመር የተባለ ሰው አንድ ባልዲ ውስጥ ደብተር፣ እርሳስና ጥቂት ዕቃ አድርጎ ጫካ ውስጥ ደበቀ። ዛሬ በዓለም ዙሪያ ከ3 ሚሊዮን የሚበልጡ ሣጥኖች ተደብቀዋል።

ጨዋታው ከሚወደድባቸው ሥፍራዎች መካከል የቀድሞ የወርቅ ከተሞች ይገኙባቸዋል። አንዳንዱን ሣጥን ለማግኘት በአሮጌ ሕንፃ ላይ የተጻፈውን ዓመት ማንበብ፣ የድልድዩን ምሰሶ መቁጠር፣ ሽማግሌ መጠየቅ ያስፈልጋል። በዚያው በደቡብ አፍሪካ ፒልግሪምስ ሬስት የምትባል ትንሽ ከተማ አለች። እ.ኤ.አ. በ1873 ወርቅ ተገኘባትና ሕዝብ ጎረፈባት። የወርቁ ሥራ ከመቶ ዓመት በኋላ ሲያበቃ የቆርቆሮ ቤቶቿ እንደነበሩ ተጠብቀው ቀሩ። ዛሬ የምትታወቀው ታሪኳን ለማየት በሚመጣው ጎብኚ ነው። ወርቁ አልቋል፤ ታሪኩ ግን አላለቀም።

እኛም የወርቅ አገር አለን። ከአዲሎ ወደ ደቡብ ምሥራቅ፣ በጉጂ ምድር፣ ክብረ መንግሥትና ሻኪሶ ከ1930ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ወርቅ የሚወጣባቸው ናቸው። ይሁን እንጂ የወርቅ ምድር ለልጅ መጫወቻ እንዳልሆነም ከእነርሱ እንማራለን። በባህላዊ መንገድ የሚቆፈር ጉድጓድ ይናዳል፤ ለማንጠሪያ የሚገባው ሜርኩሪ ውሃውንና ሰውን ይመርዛል። በለገደንቢ የወርቅ ማውጫ ዙሪያ ያሉ ነዋሪዎች «በእኛና በልጆቻችን ላይ የጤና ጉዳት ደረሰ» ብለው ድምፃቸውን በማሰማታቸው እ.ኤ.አ. በ2018 የኩባንያው ፈቃድ ታግዶ ነበር፤ ሥራው እንደገና የተጀመረው በ2021 ነው። ስለዚህ የሚኖሩት ማዕድን ከሚወጣበት አካባቢ ከሆነ ጨዋታውን ከጉድጓድና ከቆሻሻ ውሃ ያርቁት።

አሁን ደግሞ ወደ ቤትዎ እንምጣ። ለጨዋታው የሚያስፈልገው ወጪ አይደለም፤ ከሳምንቱ አንድ ከሰዓት በኋላ ይበቃል።

አንደኛ፣ ክዳኑ ደኅና የሚገጥም የዱቄት ወተት ጣሳ ያጽዱ። በውስጡ ትንሽ ደብተር፣ እርሳስ፣ ብይ፣ ቁልፍ፣ ባለቀለም ክር ያድርጉ። ምግብ አይጨምሩ፤ ውሻና ጉንዳን ይቀድምዎታል። ስለታም ነገርና መድኃኒትም አይግባበት።

ሁለተኛ፣ ጣሳውን ከድንጋይ ካብ ወይም ከዛፍ ሥር ይደብቁት። ያለ ባለቦታው ፈቃድ መሬት ቆፍሮ መቅበር በጨዋታው ደንብ ክልክል ነው። ቦታው የጎረቤት ከሆነ ፈቃድ ይጠይቁ። መኪና ከሚበዛበት መንገድ፣ ከወንዝና ከገደል ያርቁት።

ሦስተኛ፣ ስልክዎ ቦታ የሚያሳይ ከሆነ ቁጥሩን ይጻፉ። ቁጥሩን ለማግኘት ኢንተርኔት የግድ አያስፈልግም፤ ስልኩ ከሳተላይት ይቀበላል። እንዲህ ያለ ስልክ ከሌለዎት በርምጃ ይለኩ፦ «ከበራችን 40 ርምጃ ወደ ፀሐይ መውጫ፣ ከዚያ 15 ርምጃ ወደ እንሰቱ» ይበቃል።

አራተኛ፣ ልጁ ብቻውን አይሂድ። እርስዎ ወይም ታላቁ አብሮት ይሁን። ታዲያ ከፊቱ አይቅደሙ፤ ፈልጎ ያግኝ።

በአዲሎም ያደረግነው ይህንኑ ነው። ጣሳውን እናቱ ከጓሮ ካለው ካብ ሥር ደበቁት። ልጁ ስልኬን ይዞ ሲሄድ፣ ሲመለስ፣ ሲሳሳት ቆየ። ሲያገኘው የጮኸው ጩኸት ጎረቤት ሰበሰበ። ከዚያ ስለ ቁጥሩ ይጠይቀኝ ጀመር። ከቤታቸው ደጃፍ 7 የሚል ዲግሪ ታየ፤ ከምድር ወገብ ወደ ሰሜን መሆኑ ነው። ጆሐንስበርግ ደግሞ ከምድር ወገብ ወደ ደቡብ በ26ኛው ዲግሪ ላይ ናት። አንዱ ዲግሪ 111 ኪሎ ሜትር ያህል እንደሆነ ነገርኩት። በደብተሩ ላይ 7ና 26 ደምሮ 33 አገኘ፤ በ111 አባዝቶም 3,663 ብሎ ጻፈና ዝም አለ።

«እማዬ፣ አባዬ ይህን ሁሉ ሄዷል?» አለ።

እናቱ ፀጉሩን ዳሰሱት። «አዎ የኔ ልጅ፤ ለእናንተ ብሎ ነው።»

ልጁ ያን ቀን ስለ ወርቅ ዳግመኛ አልጠየቀም። ማምሻውን አባቱ ሲደውሉ «አባዬ፣ የቤታችንን ቁጥር ልንገርህ፤ ጻፈው። ጣሳው ከካቡ ሥር አለ፤ ስትመጣ ትፈልገዋለህ» ሲላቸው ሰማሁ። እናቱም ነጠላቸውን ወደ ዓይናቸው ወሰዱ።

ይህ ጨዋታ ሥራ አይፈጥርም፤ የሄደውንም አይመልስም። ይሁን እንጂ ልጅ ርቀትን በቁጥር ካወቀ በወሬ ብቻ አይነዳም። ሰፈሩን እየፈለገ ያደገ ልጅም በአገሩ ያለውን አይንቅም። አባቶቻችን በእጅ የያዙት ወርቅ እንደ መዳብ ይቆጠራል ይሉ የለ? የፊታችን ቅዳሜ አንድ ባዶ ጣሳ ያጥቡና ልጅዎን ይዘው ወደ ጓሮ ይውጡ።