ጣሪያ ላይ የወጣው ሰው ቢወድቅ ማን ይጠየቃል?

ፍኖተ ሰላም ላይ በረዶ የቀላቀለ ዝናብ ሲወርድ ምን እንደሚያደርግ ታውቃላችሁ። በረዶው አሸንዳው ውስጥ ከባህር ዛፍ ቅጠል ጋር ይከመራል፣ ውኃው መውጫ ሲያጣ ወደ ኮርኒሱ ይመለሳል። ባለቤቱም አንድ ጎበዝ ልጅ ጠርቶ በዋጋ ይስማማና “ውጣና ጥረግልኝ፣ የላላውንም ቆርቆሮ ምታልኝ” ይለዋል። ዛሬ ላጫውታችሁ የጓጓሁት ስለዚህች ስምምነት ነው። በቃል ተጀምራ በቃል የምታልቅ ትመስላለች፤ በሕግ ዓይን ግን ብዙ ጣጣ ያዘለች ናት።

እስቲ መጀመሪያ ሥራውን ቀረብ ብለን እንየው። ልምድ ያለው አናጺ ቆርቆሮ ላይ ሲሄድ የሚስማሩን መስመር ተከትሎ ይረግጣል፤ እንጨቱ ያለው ከዚያ ሥር ነዋ! ልምድ የሌለው ግን ያገኘበት ይረግጣል። ቆርቆሮው የዛገ ከሆነ ይቀደዳል፣ እርጥብ ከሆነ ያንሸራትታል። ከታች ደግሞ መንገደኛ ያልፋል፣ ልጆች ይጫወታሉ። ከልጁ እጅ ያመለጠ መዶሻ ወይም የተነቀለ ቆርቆሮ ሰው ላይ ቢያርፍስ?

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን እዚህ ላይ ጠንካራ ነው። አንቀጽ 2077 የሕንፃ ባለቤት ሕንፃው ላደረሰው ጉዳት፣ ያልታሰበ ጉዳት እንኳ ቢሆን፣ ኃላፊ ነው ይላል። አንቀጽ 2080 ደግሞ ከቤት ለወደቀ ነገር በቤቱ የሚኖረውን ሰው ይጠይቃል። ተከራዮችም ስለዚህ ጆሯችሁን ስጡ!

የሠራተኛው ጉዳይ ይበልጥ ይገርማል። በአንቀጽ 2134 መሠረት፣ በእናንተ ትእዛዝ ሥር ሳይሆን ራሱን ችሎ የሚሠራ ሰው ለሚያጠፋው ጥፋት እናንተ አትጠየቁም። መሰላሉን አቅርባችሁ፣ በቀን ሒሳብ እየከፈላችሁ፣ “እዚህ ምታ፣ እዚያ ንቀል” እያላችሁ የምታሠሩ ከሆነ ግን አሠሪ ልትባሉ ትችላላችሁ። ሆቴል ወይም ሌላ ድርጅት ያላችሁማ በደንብ አስቡበት። በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አሠሪ ጥፋት ባይኖርበትም በሥራ ላይ ለደረሰ ጉዳት ኃላፊ ነው፤ ሠራተኛው ለዘለቄታው ፈጽሞ መሥራት ካልቻለ ካሳው የአምስት ዓመት ደመወዙ ነው።

እንግዲህ መድን ያለው ሥራ ተቋራጭ የመቅጠር ጥቅሙ እዚህ ላይ ይታያል። ኃላፊነቱ የተቋራጩ ነው ቢባል እንኳ፣ ኪሱ ባዶ ከሆነ የወደቀው ልጅ በምን ይታከማል? ፍርድ ቤት ቢረታስ ከማን ይቀበላል? ለእኔ ዋናው ጥያቄ ይህ ነው። መድን ካለ ግን ገንዘቡ የሚመጣበት ቦታ ይታወቃል። መኪና ያላችሁ ይህን አሠራር በደንብ ታውቁታላችሁ፤ የሦስተኛ ወገን መድን ሳይዝ መኪና መንገድ እንዳይወጣ በሕግ ተከልክሏል። ለጣሪያ ሥራ እንዲህ ያለ መድን በተግባር ብዙም ስለማይጠየቅ ጠያቂዎቹ እኛው መሆን አለብን።

አሜሪካ፣ ሚኒያፖሊስ የሚኖሩ ዘመዶቻችን መድን መጠየቅን በበረዶ ይማሩታል። እዚያ ባለቤት በረዶው ባቆመ በ24 ሰዓት ውስጥ ቤቱ ፊት ያለውን የእግረኛ መንገድ መጥረግ አለበት፤ ስለዚህ ጠራጊ የሚቀጥር አስተዋይ ሰው በቅድሚያ የመድን ወረቀት ይጠይቃል።

በእኛ አካባቢ ብዙ አናጺ መድን እንደሌለው አውቃለሁ። ቢሆንም ተደራጅተው ንግድ ፈቃድ ያወጡ ወጣቶች መድን መግዛት ይችላሉ፤ ዓረቦኑን በዋጋው ውስጥ እንዲያስገቡ ፍቀዱላቸው። ወረቀቱን ስታዩ ሦስት ነገር ፈትሹ፦ ጊዜው አላለፈም? የጣሪያ ሥራን ይጨምራል? ሠራተኛውንም መንገደኛውንም ይሸፍናል? ከተጠራጠራችሁ መድን ሰጪው ዘንድ ደውላችሁ አረጋግጡ። ክረምቱ ሳይገባ፣ በግንቦት፣ ጣሪያው ደረቅ ሳለ አሠሩ፤ ውሉንም ማንም መሰላል ከመውጣቱ በፊት በጽሑፍ ተፈራረሙ።