አድራሻም ይናገራል

በግል ዳታ ጥበቃ ላይ የሚሠራ ጠበቃ ሰምቶ የማይጨርሳት አንዲት ዐረፍተ ነገር አለች፤ «የምደብቀው ነገር የለኝም»። ባለጉዳዩም ይላታል፣ መረጃውን የሚሰበስበው መሥሪያ ቤትም ይላታል። ንጹሕ ኅሊና ያለው ሰው ንግግር ስለምትመስል ለመቃወም ታስቸግራለች፤ ሥራችንን ግን ከሥሩ ታበላሻለች። ችግሩ ከቋንቋችን ይጀምራል። «የግል ጉዳይ» ሲባል ቀድሞ የሚታሰበን ገመና ነው፤ ገመናውን የሚሸፍን ደግሞ የሚያሳፍር ነገር ያለበት ሰው ነው። ስለዚህ «መታወቂያዬን ለምን ኮፒ ታደርጋላችሁ?» ብሎ የጠየቀ ሰው መብቱን እንደጠየቀ ሳይሆን ነውሩን እንደሸሸገ ይቆጠራል። የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት በመጋቢት 2016 ዓ.ም. ያጸደቀው የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ግን ስለ ገመና አያወራም። የሚጠብቀው አንድን ሰው ለይቶ የሚያሳውቅን ማናቸውንም መረጃ ነው፤ ስም፣ ስልክ ቁጥር፣ አድራሻ፣ መቼም ምስጢር ሆነው የማያውቁ ነገሮችን ሁሉ።

ምስጢር ያልሆነ መረጃ ማንን ይጎዳል ለሚል ሰው ከኮልፌ ቀራንዮ የተሻለ መልስ የሚሰጥ ክፍለ ከተማ አላውቅም። በ1958 ዓ.ም. የተመሠረተው አለርት ሆስፒታል የሚገኘው እዚሁ፣ ከእሱ በፊት ከነበረው የሥጋ ደዌ ማከሚያ ስሙን በወረሰው በዘነበወርቅ ሰፈር ነው። ለሕክምና ከየጠቅላይ ግዛቱ የመጡ ሰዎች ከዳኑም በኋላ የትውልድ ቀያቸው ስላልተቀበላቸው በዙሪያው ጎጆ ቀልሰው፣ ልጅ ወልደው ኖሩ። ሥጋ ደዌ በመድኃኒት ይድናል፤ ሰፈሩ ግን ከነስሙ ቀረ። አሁን በነዋሪነት መታወቂያ ላይ ያለችውን የአድራሻ መስመር ተመልከቱ፤ ክፍለ ከተማ፣ ወረዳ፣ የቤት ቁጥር። ሦስቱንም ለየብቻ የጤና መረጃ የሚላቸው ሰው የለም። ሠራተኛ በሚቀጥር ወይም ቤት በሚያከራይ ሰው እጅ ሲገቡ ግን ስለ አመልካቹ እናትና አባት የሚያወሩት ነገር አላቸው። አመልካቹ የደበቀው ነገር የለም፤ የሚያፍርበትም ነገር የለም። ማፈር የነበረበት በአድራሻ ሰው የሚመዝነው አንባቢ ነው። ጉዳቱ ግን የሚወድቀው አመልካቹ ላይ ነው። የመረጃ አደገኛነት በምስጢርነቱ አይለካም፤ በማን እጅ እንደገባና ከምን ጋር እንደተገጣጠመ ነው የሚለካው። በ1967ቱ የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት አዋጅ የተቋቋሙት ቀበሌዎች ነዋሪውን በስምና በቤት ቁጥር የያዙት ኪራይ ለመሰብሰብና ራሽን ለማደል ነበር። በ1969 ዓ.ም. ደርግ ተቃዋሚዎቹን ያሳደደበት የቤት ለቤት አሰሳ ሲመጣ ነዋሪውን በዚያ ልክ የሚያውቁት እነዚያው ቀበሌዎች የአሰሳው እጅና እግር ሆኑ። ስሙን ለቀበሌ ያስመዘገበ ወጣት ያን ጊዜ የሚደብቀው ነገር አልነበረውም።

በየሕንፃው በር ላይ ስለሚሞላው የእንግዳ መዝገብ ስንጠይቅ ደግሞ «ታዲያ የበር ጥበቃው ማን እንደገባ አይወቅ?» ይሉናል። ይወቅ። ማወቅና ማስቀረት ግን ለየቅል ናቸው። መታወቂያ አይቶ፣ ፊትን አመሳክሮ መመለስ ጥበቃ ነው፤ ስምን፣ ስልክንና የመታወቂያ ቁጥርን ቀጥሎ የሚመጣው እንግዳ ሁሉ በሚያነበው ደብተር ላይ ማስፈር ግን ለሌባም ያገለግላል። ሕጉም መረጃ ለታወቀ ዓላማ፣ በሚያስፈልገው መጠንና ለሚያስፈልገው ጊዜ ብቻ ይያዝ ነው የሚለው። ግልጽነትን ይቃወማል የሚሉም አሉ፤ አይቃወምም። የኮንዶሚኒየም ዕጣ የደረሳቸው ሰዎች ስም በአዲስ ዘመን ጋዜጣ ሲታተም በቂ ምክንያት አለው፤ ዕጣው ለማን እንደወጣ ሕዝቡ ማየት አለበት። ክርክሩ የሚነሳው ከስሙ ጎን ስልኩና የቤተሰቡ ብዛት ሲጨመር ነው።

ከሁሉ የሚያደክመኝ «ፈርመዋል እኮ» የሚለው ነው። አዋጁ ፈቃድ የሚለው በነፃ የተሰጠን ነው። ሴፍቲኔት ለመታቀፍ ወይም ለጤና መድኅን ለመመዝገብ የተሰለፈች እናት ቅጹ ግርጌ ላይ ስትፈርም አልፈርምም ብትል ምን እንደሚቀርባት ታውቃለች፤ የእሷ ፊርማ ፈቃድ አይባልም። አንዳንድ መረጃ ያለ ፈቃድም በሕግ ግዴታ ይሰበሰባል፤ ያን ጊዜ የሕጉን አንቀጽ ጠቅሶ መጠየቅ እንጂ የፈቃድ ወረቀት ማስፈረም ምን ይጠቅማል? የግል ዳታ ጥበቃ ለጠገበ አገር የሚሆን ቅንጦት ነው የሚሉ ወገኖችም ይህችን እናት ቢያስቧት እወዳለሁ። ባለጸጋው ጉዳዩን በወኪል ያስጨርሳል። የልጆቿን ቁጥር፣ ገቢዋን፣ ሕመሟን በየመስኮቱ የምትናገረው እሷ ናት።

ጉዳዩ የባሰበት አሁን፣ በፋይዳ ዘመን ነው። በአዋጅ ቁጥር 1284/2015 የተደነገገው ይህ ዲጂታል መታወቂያ ብሔርንም ሃይማኖትንም አይመዘግብም፤ ይህ ትልቅ እርምጃ ነው። የአሥር ጣት አሻራ፣ የዓይን ብሌንና የፊት ምስል ግን ይወስዳል። የይለፍ ቃል ቢሰረቅ ይቀየራል፤ ጣት አይቀየርም። ከ2017 ዓ.ም. ጀምሮ በአዲስ አበባ አዲስ የባንክ ሒሳብ ለመክፈት ፋይዳ ግድ ሆኗል። ሥርዓቱ የተሠራው ማንነትን ከማዕከል ጠይቆ ለማረጋገጥ ሆኖ ሳለ ካርዱ አሁንም በየቢሮው ኮፒ ይደረጋል፤ ኮፒውም ፋይል ውስጥ ይገባል። ያ ፋይል የት እንደሚቀመጥ፣ ማን እንደሚከፍተው፣ መቼ እንደሚወገድ ሲጠየቅ መልስ የሚሰጥ ሰው ማግኘት ከባድ ነው። አዋጁን የማስፈጸም ሥልጣን የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው፤ ምርመራውን ከትልልቆቹ ሰርቨሮች ብቻ ሳይሆን ከመስኮት ኋላ ካለው የብረት ሸልፍም ቢጀምር ጥሩ ነው። ያገለገለ የቢሮ ወረቀት መጨረሻው የት እንደሆነ የአዲስ አበባ ሰው ያውቃል፤ ጉሊት ላይ ለቆሎና ለለውዝ መጠቅለያ ይሆናል፤ በአንድ በኩል የሰው ስምና ፊርማ እንደታተመበት።